ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንግሊዝኛ ለምትማሩ፦ ፕሮፌሰሮቻችሁ ምን ላይ እንደሚሰሩ አውቃችሁ አድቫይዘር ምረጡ

እሺ፣ እንግሊዝኛ ዲፓርትመንት ናችሁ፣ ዩኒቨርሲቲው ትንሽ ነው፣ ቴሲስ የሚጀመርበት ጊዜ ደርሶ አድቫይዘር ምረጡ ተብላችኋል። የዲፓርትመንቱን ገጽ ስትከፍቱ ሰባት ስምንት ስም ተደርድሯል፣ ከእያንዳንዱ ስም ስር ደግሞ አንድ መስመር ተኩል ጽሑፍ አለች፣ «የ19ኛው ክፍለ ዘመን ልብወለድ፣ ኢምፓየር፣ ጄንደር» ምናምን የምትል። አብዛኛው ተማሪ ይቺን መስመር ዘሎ ጓደኛውን «ማን ይሻላል? ማን አያስቸግርም?» ብሎ ይጠይቃል። እኔም እንደዛ ነው ያደረኩት፣ እና አንድ ሙሉ ሴሚስተሬን በላው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሼክስፒርን የምታስተምረን መምህር ነበረች፣ ክላሷ የሚናፈቅ አይነት ነው፣ እኔ ደግሞ ስለ ሶኔቶቹ፣ ማለትም ስለ አስራ አራት መስመር ግጥሞቹ፣ መጻፍ ፈልጌ ነበር፣ በቃ ሼክስፒርን ከሷ ወዲያ ማን ያውቃል ብዬ ሄድኩ፣ ተቀበለችኝ። ሁለት ወር ገደማ ካለፈ በኋላ ነው የገባኝ፣ የሷ ዋና ስራ መድረክ ነው፣ ማለትም ተዋናዮችና አዘጋጆች ጽሑፉን የት የት እንደሚቆርጡት፣ ለልምምድ በሚይዙት ቅጂ ጠርዝ ላይ ምን ምን እንደሚጽፉ፣ ስንት ዓመት ስታጠና የኖረችው እሱን ነው። ሶኔት ደግሞ ለመድረክ የተጻፈ ነገር አይደለም። የምትሰጠኝ ኮሜንት ሁሉ ወደ መድረክ ይስበኛል፣ እኔ ወደ ግጥሙ እመለሳለሁ፣ እንዲህ ስንጓተት ሴሚስተሩ አለቀ። ቆይቼ ፕሮፋይሏን ከፍቼ ሳነበው የመጀመሪያው ቃል «ፐርፎርማንስ» ነው። እዛው ፊት ለፊት ተጽፎ ነበር።

ስለዚህ ያቺ መስመር ተኩል እንዴት እንደምትነበብ፣ ከሷ ሌላ የት የት እንደሚፈለግ፣ ከዛ ደግሞ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ምን ተይዞ እንደሚገባ የማውቀውን ልጻፍላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የሚያስተምሩት ሌላ፣ የሚሰሩበት ሌላ

ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የእንግሊዝኛ ዲፓርትመንት ብቻውን አርባ ሃምሳ ፕሮፌሰር ሊኖረው ይችላል፣ ስለዚህ አንዱ የ17ኛውን ክፍለ ዘመን ግጥም ብቻ፣ ሌላው የ1920ዎቹን ልብወለድ ብቻ ይዞ መኖር ይችላል። ትንሽ ቦታ ግን እንደዛ አይሆንም። ስድስት ወይ ስምንት ሰው ተካፍሎ ከጥንቱ እንግሊዝኛ ጀምሮ እስከ ዛሬ የተጻፈውን፣ ሰዋስውን፣ የፈጠራ ጽሑፍን፣ የአንደኛ ዓመት ራይቲንግ ኮርሱንም ጭምር መሸፈን አለበት። ብዙዎቹ በየሴሚስተሩ ሦስት አራት ኮርስ ነው የሚያስተምሩት፣ ከነዛ ውስጥ ከራሳቸው ጥናት ጋር የሚገናኘው አንድ ቢሆን ነው፣ አንዳንዴ እሱም የለም። ዶክትሬቷን በ17ኛው ክፍለ ዘመን መንፈሳዊ ግጥም ላይ የሰራች ሰው ዘንድሮ ወርልድ ሊትሬቸር፣ ሁለት ሴክሽን ራይቲንግ እና የልጆች ሥነ ጽሑፍ ታስተምር ይሆናል። የኮርሱ ስም የሚነግራችሁ ዲፓርትመንቱ ምን እንደሚያስፈልገው ነው፣ ሰውየው ለራሱ ጊዜ ሲያገኝ ምን እንደሚያነብ አይነግራችሁም።

ይሄ ግን ጉዳት ብቻ አይምሰላችሁ። ብዙ ነገር ለማስተማር የተገደደ ሰው ብዙ ነገር አንብቧል፣ ስለዚህ ከራሱ ዘመን ወጣ ያለ ርዕስ ብታመጡለትም አይደነግጥም፣ ደግሞ ክላሱ ትንሽ ስለሆነ ስማችሁን ያውቃል፣ ያለፈውን ፔፐራችሁን ያስታውሳል። ይሄ በጣም ትልቅ ነገር ነው፣ ብዙ ተማሪ ግን ሳይጠቀምበት ይመረቃል፣ ያሳዝነኛል።

ከኮርሶቹ ውስጥ አንድ አይነት ብቻ እመኑ፣ እሱም የመጨረሻ ዓመት ሴሚናር ወይም ስፔሻል ቶፒክስ የሚባለው ነው። እሱን ብዙ ጊዜ ፕሮፌሰሩ ራሱ ነው ርዕሱን የሚመርጠው። ያለፉትን ሦስት አራት ዓመታት ሲላበስ ከዲፓርትመንቱ ጸሐፊ ወይም ከሲኒየሮች ለምኑና የንባብ ዝርዝሩን ብቻ እዩት፣ ከፕሮፋይል ገጹ በላይ ይናገራል።

መስመሯን መፍታት

እዛች መስመር ላይ የሚጻፉት ቃላት ሦስት አይነት ናቸው፣ ዘመን፣ ዘዴ እና ጉዳይ። «ቪክቶሪያን ልብወለድ፣ ቡክ ሂስትሪ፣ ሕክምና» ቢል የመጀመሪያው ዘመን ነው፣ ሁለተኛው ዘዴ፣ ሦስተኛው ጉዳይ። ተማሪ ሁልጊዜ ዘመኑን ብቻ ነው የሚያየው፣ «እኔ የድሮ ነገር አልወድም» ብሎ ያልፋል፣ እኔ ግን ከአድቫይዘር ጋር የሚያገናኘው ወይም የሚያለያየው ዘዴው ነው ብዬ ነው የማምነው፣ ምክንያቱም ፔፐራችሁ ላይ የሚሰጣችሁ ጥያቄ ሁሉ ከዘዴው ነው የሚወጣው። የሶኔቱ ነገር ያስተማረኝ እሱን ነው፣ ዘመኑ ገጥሞ ዘዴው አልገጠመም።

ዘመኖቹን ቶሎ ቶሎ ልንገራችሁ። ኦልድ ኢንግሊሽ እስከ 1100 አካባቢ፣ ሚድል ኢንግሊሽ ከዛ እስከ 1500 ገደማ፣ ሁለቱን አንድ ላይ የሚይዝ ሰው ሚድየቫሊስት ይባላል። «ኧርሊ ሞደርን» ሲባል አዲስ ዘመን እንዳይመስላችሁ፣ ከ1500 እስከ 1700 ያለው ነው፣ ድሮ ሬኔሳንስ ሲባል የነበረው። «ሎንግ ኤይቲንዝ ሴንቸሪ» የሚለው ደግሞ ግር ያሰኛል፣ ክፍለ ዘመን እንዴት ይረዝማል ትላላችሁ፣ ነገሩ ከ1660 ነው የሚጀምሩት፣ የእንግሊዝ ንጉሥ ከስደት ተመልሶ ከ1642 ጀምሮ ተዘግተው የነበሩት ቲያትር ቤቶች ከተከፈቱበት ጊዜ፣ እና እስከ 1800ዎቹ መጀመሪያ ይወስዱታል። ሮማንቲክ ከ1780ዎቹ እስከ 1830ዎቹ፣ ቪክቶሪያን ንግሥት ቪክቶሪያ የነገሠችበት ከ1837 እስከ 1901፣ ሞደርኒዝም ከ1890ዎቹ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገደማ። «ኮንቴምፖራሪ» ላይ ሰው ሁሉ የራሱ ድንበር አለው፣ ስለዚህ እሱን ጠይቁ።

አሁን ዘዴው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ጥቅሙ እዚህ ስለሆነ።

«ቡክ ሂስትሪ» ወይም «ፕሪንት ካልቸር» የሚል ካያችሁ፣ ይሄ ሰው ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን መጽሐፉን እንደ እቃ ነው የሚያጠናው። ማን አተመው፣ በምን ወረቀት፣ ማን ገዛው፣ ጠርዙ ላይ ማን ምን ጻፈበት። እንግሊዝ ውስጥ ኅትመት የተጀመረው 1476 ነው፣ ዊሊያም ካክስተን ዌስትሚንስተር ላይ ማተሚያውን ሲተክል፣ ከዛ በኋላ ያለው ታሪክ በሙሉ የነዚህ ሰዎች ሜዳ ነው። ለምን ይጠቅማል ብትሉ፣ በ1623 የታተመውን የሼክስፒር ቴአትሮች ስብስብ ውሰዱ፣ 36 ቴአትር ነው የያዘው፣ ከነሱ ግማሾቹ፣ 18ቱ ማለት ነው፣ ከዛ በፊት ታትመው አያውቁም። ያ መጽሐፍ ባይታተም ግማሹን ዛሬ ላናገኘው እንችል ነበር። እንግዲህ ቡክ ሂስትሪ የሚሰራ ፕሮፌሰር ዘንድ ሄዳችሁ «የገጸ ባሕሪው ስነ ልቦና» ብትሉት በትሕትና ይሰማችኋል፣ «ይሄ ልብወለድ መጀመሪያ በጋዜጣ በተከታታይ ሲወጣና በኋላ በመጽሐፍ ሲታተም ምን ተቀየረበት» ብትሉት ግን ወንበሩን ወደናንተ ያስጠጋል።

ሚድየቫሊስቱን ደግሞ ሁሉም ይሸሸዋል። ቋንቋው ይከብዳል፣ ጥንት ነው፣ ምን ያደርግልኛል ይባላል። አንድ የክፍላችን ልጅ ነበረ፣ ሕልሙ ትርጉም ነው፣ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ መመለስ ላይ መጻፍ ፈልጎ የኮንቴምፖራሪውን ፕሮፌሰር ደጅ ሲጠና ከረመ፣ ሰውየው ግን ትርጉም ላይ ፍላጎት የለውም። ሚድየቫሊስቷ ፕሮፋይል ላይ «ትራንስሌሽን» የሚል ቃል ነበረ፣ ልብ ያላት ሰው የለም። ካሰባችሁት እኮ የመካከለኛው ዘመን ማለት ትርጉም ማለት ነው፣ ንጉሥ አልፍሬድ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ማወቅ አለበት ያላቸውን የላቲን መጻሕፍት ወደ እንግሊዝኛ ያስመልስ ነበር፣ ሰው በሁለት በሦስት ቋንቋ የሚኖርበት ጊዜ ነው። ልጁ በመጨረሻ እሷ ጋር ሄደ፣ ቴሲሱን ስለ ዘመናዊ ትርጉም ነው የጻፈው፣ ግን ጥያቄዎቹን በሙሉ ከሷ ነው የወሰደው። ደግሞ የእጅ ጽሑፍ የሚወድ ሰው ጋር ከተቀመጣችሁ ለዝርዝር ያላችሁ አይን ይቀየራል፣ ቤዎልፍ የሚባለው የጥንት እንግሊዝኛ ረጅም ግጥም የተረፈው በአንድ የብራና ቅጂ ብቻ ነው፣ እሱም 1731 ቤተ መጻሕፍቱ ሲቃጠል ጠርዙ ተለብልቧል፣ እና እዛ ጠርዝ ላይ የጠፋች አንዲት ፊደል ምን ነበረች ብሎ ዓመታት የሚከራከር ሰው የናንተን ኮማ ዝም ብሎ አያልፍም።

«ፖስትኮሎኒያል»፣ «አንግሎፎን»፣ «ወርልድ ኢንግሊሽስ» የሚሉትን አትቀላቅሏቸው። የመጀመሪያው ቅኝ ግዛት ያስከተለውን ነገር በሥነ ጽሑፍ የሚጠይቅ ነው፣ ሁለተኛው ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ውጪ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን በሰፊው የሚይዝ፣ ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሊንጉስቲክስ ነው፣ እንግሊዝኛው ራሱ በየአገሩ እንዴት እንደተለያየ። ይሄ መስክ የራሱ ውጊያ አለው፣ 1968 ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ መምህራኑ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ፣ ሄንሪ ኦውር-አንዩምባ እና ታባን ሎ ሊዮንግ ሆነው የእንግሊዝኛ ዲፓርትመንቱ ይቅር፣ በቦታው የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍና ቋንቋዎች ዲፓርትመንት ይቋቋም ብለው ጽፈው አቅርበዋል። ጥያቄያቸው የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ለምን መሐል ይቀመጣል፣ ሌላው ለምን ዳር ይሆናል ነበር። ዛሬ ፖስትኮሎኒያል የሚሰራ ፕሮፌሰር እዚህ ክርክር ውስጥ አቋም አለው፣ ስለዚህ «አንድ አፍሪካዊ ልብወለድ ላይ ልጽፍ ነው» ብላችሁ ብትሄዱ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ከምን ጎን አስቀምጠህ ልታነበው ነው?» የሚል ነገር ነው። ለዚህ መልስ ይዛችሁ ሂዱ።

«ሬቶሪክ ኤንድ ኮምፖዚሽን» የሚለውን ደግሞ እባካችሁ አትናቁት። ተማሪ ራይቲንግ የሚያስተምር ሰው ሥነ ጽሑፍ ያልሆነለት ይመስለዋል፣ ፍጹም ስሕተት ነው። ራሱን የቻለ የጥናት ዘርፍ ነው፣ ሰው መጻፍ እንዴት ይማራል፣ ንግግር ሰውን እንዴት ያሳምናል፣ በሁለተኛ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ምን ይገጥመዋል። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋችሁ ከሆነ የራሳችሁን የጽሑፍ ሕይወት ርዕስ አድርጋችሁ መስራት የምትችሉት እሱ ጋር ነው፣ ሌላ ቦታ አታገኙትም።

ሊንጉስቲክስና የቋንቋ ማስተማር ዘዴ የሚሰሩት በአብዛኛው ዳታ ይፈልጋሉ፣ ቃለ መጠይቅ፣ የድምጽ ቅጂ፣ ኮርፐስ (የተሰበሰበ የቋንቋ ናሙና)፣ ስለዚህ ቀድማችሁ ጀምሩ፣ የፈቃድ ወረቀት ጊዜ ይበላል። ክሪኤቲቭ ራይቲንግ የሚሰሩት ደግሞ ጆርናል ላይ ብቻ አትፈልጓቸው፣ ግጥማቸውንና ልብወለዳቸውን ነው ማንበብ ያለባችሁ።

ከመስመሯ ባሻገር

ፕሮፋይል ገጽ ብዙ ጊዜ ያረጀ ነው፣ ሰውየው ሲቀጠር የተጻፈ ሆኖ አስር ዓመት ያልተነካ ይሆናል። ስለዚህ ሲቪው ካለ እሱን ክፈቱ። ሲቪ ላይ የሚታዩት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ የዶክትሬት ዲሰርቴሽኑ ርዕስ፣ ይሄ መነሻው ነው። ሁለተኛ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት የኮንፈረንስ ፔፐሮች፣ አሁን ያለበት ቦታ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም እኛ ዘርፍ ውስጥ ኅትመት ዘገምተኛ ነው፣ አንድ አርቲክል ተልኮ፣ ተገምግሞ፣ ታርሞ እስኪወጣ ዓመት ሁለት ዓመት ይፈጃል፣ መጽሐፍ ከዛም በላይ፣ ስለዚህ ዘንድሮ የታተመው ነገር ሰውየው ከስንት ዓመት በፊት ያሰበው ነው፣ ኮንፈረንስ ላይ ያቀረበው ግን የቅርቡ ነው። ሦስተኛ የጻፋቸው የመጽሐፍ ግምገማዎች፣ እሱን ማንም አያይም፣ ግን ሰው የሚገመግመው የሚከታተለውን ነገር ነው። ዲሰርቴሽኑንና የመጨረሻውን ኮንፈረንስ ፔፐር አጠገብ ለአጠገብ ስታስቀምጧቸው ሰውየው ከየት ወደየት እየሄደ እንደሆነ ይታያችኋል፣ እኔ ይሄን ነገር ማየት ራሱ ደስ ይለኛል፣ ከመንፈሳዊ ግጥም ተነስቶ ስለ ጓሮ አትክልት አሁን የሚጽፍ ሰው ስታዩ መሐል ላይ ምን እንደሆነ ለማወቅ ትጓጓላችሁ፣ እና ያ ጉጉት ጥሩ የመጀመሪያ ጥያቄ ይሆናል።

ጉግል ስኮላር ላይ ፈልጉ ግን ቁጥሩን አትመኑት። የሥነ ጽሑፍ ጥናት እንደ ሳይንሱ ብዙ አይጠቀስም፣ መጽሐፍ ደግሞ በደንብ አይቆጠርም፣ «አስራ ሁለት ሰው ብቻ ነው የጠቀሳት» ብላችሁ ሰው እንዳትንቁ። ለኛ ዘርፍ የሚሻለው የኤምኤልኤ ኢንተርናሽናል ቢብሊዮግራፊ የሚባለው የሥነ ጽሑፍና የቋንቋ ጥናቶች ማውጫ ነው፣ ቤተ መጻሕፍታችሁ ካለው የሰውየውን ስም አስገቡበት። ጄስቶር በሚባለው የጆርናሎች ኦንላይን ማከማቻ ላይ ደግሞ ብዙ ጆርናሎች የመጨረሻዎቹን ጥቂት ዓመታት እትም አያስገቡም፣ ስለዚህ አዲሱን ጽሑፍ እዛ ካጣችሁት የለም ማለት አይደለም። የቤተ መጻሕፍት ሰራተኛውን ጠይቁት፣ ከሌላ ቤተ መጻሕፍት በውሰት ያስመጣላችኋል፣ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እሱን የመሰለ ወዳጅ የለም።

ማዕረጉንም እዩ፣ ለክብር ሳይሆን ለጊዜ። ቪዚቲንግ የሚል ካለ ኮንትራቱ ዓመት ወይ ሁለት ዓመት ሊሆን ስለሚችል ቴሲሳችሁ ሳያልቅ ሊሄድ ይችላል፣ በግልጽ ጠይቁት፣ አይቀየምም። አጀንክት ወይም የትርፍ ሰዓት መምህር ከሆነ በኮርስ ነው የሚከፈለው፣ ቴሲስ ማማከር ብዙ ቦታ ክፍያው ውስጥ የለም፣ ስለዚህ የሰውን ልፋት በነጻ እየጠየቃችሁ እንዳይሆን መጀመሪያ ዲፓርትመንቱን አጣሩ። ረዳት ፕሮፌሰር ከሆነ ቋሚነት ለማግኘት እየሮጠ ያለ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ጊዜው ጠባብ ነው፣ ግን ለመስኩ አዲስ ክርክር በጣም ቅርብ እሱ ነው። ሳባቲካል ላይ የሚወጣ ካለ ደግሞ መቼ እንደሆነ እወቁ፣ ሴሚስተር ወይ ዓመት ሙሉ ላይኖር ነው።

አንድ ነገር አንብቡ፣ አንድ ብቻ

ይሄን ሁሉ ካደረጋችሁ በኋላ ሁለት ሰው ይቀራችኋል። ከእያንዳንዳቸው አንድ አርቲክል አንብቡ። ሙሉውን መረዳት አይጠበቅባችሁም፣ እኔ የመጀመሪያዬን ሳነብ ግማሹ አልገባኝም። እንዲህ አድርጉ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ገጾች ቀስ ብላችሁ አንብቡ፣ እዛ ውስጥ «ሌሎች እንዲህ ብለዋል፣ እኔ ግን» የሚልበት ቦታ አለ፣ እሱ የሰውየው ክርክር ነው፣ አስምሩበት። ከዛ አንድ ቴክስት በቅርበት የሚያነብበትን ክፍል ፈልጉ፣ ቴክስቱን ራሳችሁ አውጥታችሁ አብራችሁ አንብቡት። ከዛ የመጨረሻውን ገጽ። ሲያልቅ ጽሑፉን ዘግታችሁ ክርክሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር በራሳችሁ ቋንቋ ጻፉት፣ ካቃታችሁ ተመልሳችሁ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ብቻ ድገሙ። እና አንድ ቦታ ላይ «እዚህ ጋ ግን ምን ለማለት ነው?» ያላችሁበትን የገጽ ቁጥር ያዙ። ያ ገጽ የናንተ መግቢያ ነው።

ኢሜይሉ አጭር ይሁን። «ስራዎችዎን በጣም አደንቃለሁ» አትበሉ፣ እሱን ማንም ምንም ሳያነብ ሊጽፈው ይችላል። እንዲህ አይነት ነገር ይበቃል፦

«ዶክተር፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ ባለፈው ሴሚስተር የልብወለድ ኮርስዎን ወስጄ ነበር። ስለ ወርሃዊ እትሞች የጻፉትን አርቲክል አንብቤ ሁለተኛው ክፍል ላይ፣ እያንዳንዱ እትም የሚቆምበትን ቦታ ያነሱበት ላይ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ቴሲሴን በዚህ ዙሪያ ለማድረግ እያሰብኩ ነው። በዚህ ሳምንት በኦፊስ አወርዎ አስራ አምስት ደቂቃ ላናግርዎ እችላለሁ?»

በቃ። አድቫይዘር ሁኑኝ የሚለውን እዚህ ላይ አታንሱት፣ መጀመሪያ ተነጋገሩ። መልስ ካልመጣ ከሳምንት በኋላ አንዴ አስታውሱ፣ ሦስት አራት ኮርስ የሚያስተምር ሰው ሳጥኑ ሞልቶ ነው፣ ንቆኝ ነው አትበሉ።

ቢሮ ስትገቡ መጽሐፉን ወይም አርቲክሉን በእጃችሁ ይዛችሁ፣ ገጹ ላይ ምልክት አድርጋችሁ ግቡ። እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸውን በሙሉ ገጽ ላይ ያዩ ናቸው፣ የተከፈተ ገጽ ፊታቸው ስታስቀምጡ ጨዋታው ራሱ ይጀመራል፣ እናንተ ብዙ መናገር አይጠበቅባችሁም። ጥያቄያችሁን ጠይቁና ዝም በሉ። ከዛ «አሁን ምን እየሰሩ ነው?» በሉ፣ ይሄን ጥያቄ ከተማሪ የሚሰሙት አልፎ አልፎ ነው፣ ፊታቸው ሲበራ ታያላችሁ። መደርደሪያውንም እዩ፣ አይን አታፍጡ እንጂ ጠረጴዛው ላይ የተቆለለው የአሁኑ ስራ ነው፣ መደርደሪያ ላይ ያለው የድሮው። ከመውጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ተማሪ ድራፍት ሲያመጣ በምን ያህል ጊዜ እንደሚመልሱ፣ እና ኮሜንት የሚሰጡት በጽሑፍ ነው ወይስ በቃል። እኔ በጽሑፍ ካልሆነ አይሆንልኝም፣ ይሄን ቀድሜ ባለመጠየቄ ሁለት ጊዜ የተነገረኝን ረስቻለሁ።

እናንተ የምትወዱትን የሚሰራ ሰው ከሌለስ

ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይሄ ያጋጥማል፣ ስምንት ሰው ሁሉን አይሸፍንም። ለምሳሌ ሳይንስ ፊክሽን ላይ መጻፍ ትፈልጋላችሁ፣ ማንም የጻፈው የለም። እንግዲህ ወደ ዘዴና ጉዳይ ተመለሱ። ሳይንስ ፊክሽን ውስጥ የሚስባችሁ ምንድነው? ማሽንና ሰው ከሆነ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ሳይንስና ሕክምና የሚሰራውን ሂዱበት። የሩቅ ዓለም ጉዞና ወረራ ከሆነ ፖስትኮሎኒያል የሚሰራውን። የፈራረሰ ተፈጥሮ ከሆነ «ኢኮክሪቲሲዝም» ወይም «ኢንቫይሮንሜንታል ሂዩማኒቲስ» የሚል ፈልጉ፣ የሚሰራበት ዘመን የትም ይሁን። ጠፍተው የተገኙ ጽሑፎች፣ በመጽሔት የወጡ ተከታታይ ታሪኮች ከሆኑ ደግሞ ቡክ ሂስትሪ። ርዕሱን ሳትቀይሩ ጥያቄውን ነው የምታስተካክሉት። ሰውየው ልብወለዶቹን ላያውቃቸው ይችላል፣ እሱ ችግር የለውም፣ እናንተ ታውቋቸዋላችሁ፣ እሱ ደግሞ እንዴት እንደሚጠየቁ ያውቃል።

ካልሆነም ከታሪክ፣ ከፍልስፍና ወይም ከቲያትር ዲፓርትመንት ሁለተኛ አንባቢ ይጠየቃል፣ ብዙ ቦታ ይፈቀዳል። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ያለ ሰው ከፈለጋችሁ ግን ራሳችሁ ከመጻፋችሁ በፊት አድቫይዘራችሁን «የሚያውቁት ሰው ይኖራል?» በሉት፣ ኮንፈረንስ ላይ የሚተዋወቁ ሰዎች ስለሆኑ አንድ መስመር ቢጽፍላችሁ መልስ የማግኘት እድላችሁ ይጨምራል።

በመጨረሻ የምትፈልጉትን ሰው ካገኛችሁ፣ ከቢሮው በወጣችሁ ቀን ማታውኑ አጭር ምስጋና ጻፉና እዛው ላይ መቼ ምን እንደምታመጡ ቀኑን ቁረጡ፦ «እስከ ሚቀጥለው ዓርብ አንድ ገጽ ፕሮፖዛልና አምስት መጽሐፍ ያለበት ዝርዝር አመጣለሁ።» ከዛ ዓርብ ሳይደርስ ሐሙስ ላኩት።